ክቡር ባለውሻ፣ ዕድሜ 9

ሰሞኑን አንድ ውሻ ሱሪዬን ከጉልበት በታች ገንጥሎ ወሰደብኝና የወጣበትን በር ባንኳኳ፣ የቤቱ አባወራ በትሕትና ብቅ ብለው «ይቅርታ ጌታዬ፣ ውሻው እኮ የእኔ አይደለም፤ የልጄ ነው» አሉኝ። ልጁ 9 ዓመቱ ነው። አባት ይህን ሲናገሩ ፊታቸው ላይ ይነበብ የነበረው ዕዳውን ከፍሎ ደረሰኙን ኪሱ የከተተ ሰው እፎይታ ነበር። አንባቢዬም ይህን መልስ አንድ ቀን ሳይሰማው አልቀረም፤ ውሻ ባለበት ሰፈር ሁሉ የሚሰጥ መልስ ነውና። ስለዚህ ወቀሳውን ለሌሎች ትቼ፣ ይህን ታላቅ የንብረት አስተዳደር ጥበብ የሚገባውን ምስጋና ልቸረው ተነሥቻለሁ።

የጥበቡ ውበት ተለዋዋጭነቱ ነው። ቡችላው በልደት ቀን አንገቱ ላይ ሪባን ታስሮለት ሲገባ «የልጃችን ውሻ» ይባላል። ፎቶ ሲነሣ «ውሻችን» ይሆናል። ሌሊት ሌባ ካባረረ በማግስቱ አባት «ውሻዬ» እያሉ ለሥራ ባልደረቦቻቸው ያወሩለታል። ሰው ሲነክስ፣ ሲያላዝን ሲያድር ወይም በሰው ደጅ ሲጸዳዳ ግን ያለ ምንም ሥነ ሥርዓት ወደ ሕፃኑ ንብረትነት ይመለሳል። አንድ ቀን ሳይመሽ ይህን ያህል ባለቤት የሚቀያየርለት፣ አንድም ጊዜ ውል የማይጻፍለት ሌላ ንብረት ያለ አይመስለኝም።

እነዚህን ወላጆች «ሕግ አያውቁም» ብሎ የሚያማቸው ካለ በድሏቸዋል። ያውቃሉ፤ ግማሹን ያውቃሉ። በብዙ አገሮች ሕግ ውሻ ከንብረት የሚቆጠር በመሆኑ፣ ዕድሜው 18 ዓመት ያልሞላ ልጅም በስጦታ ወይም በውርስ የንብረት ባለቤት ሊሆን ስለሚችል፣ «ውሻው የልጁ ነው» ማለት በራሱ ውሸት አይደለም። የእኛ ሊቃውንት እዚህ መሥመር ላይ ሲደርሱ መጽሐፉን ይዘጋሉ። የሚቀጥለውን መሥመር ቢያነቡ ኖሮ እፎይታቸው ይረበሽ ነበር። የአውሮፓ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው የቤት እንስሳት ጥበቃ ስምምነት፣ ያለ ወላጆቹ ወይም ያለ አሳዳጊዎቹ ግልጽ ፈቃድ ከ16 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የቤት እንስሳ እንዳይሸጥ ይደነግጋል። እንግሊዝና ዌልስ ከዚህም አልፈው፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው የእንስሳት ደኅንነት ሕግ፣ ከ16 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ እንስሳ መሸጥን ወንጀል አድርገውታል፤ እንስሳው በሌላ መንገድ በልጁ እጅ ቢገባ እንኳ ልጁን የሚያሳድገው አዋቂ የእንስሳው ኃላፊ ሆኖ ይቆጠራል። የኒው ዚላንድ የውሻ ቁጥጥር ሕግም እ.ኤ.አ. በ1996 ሲወጣ፣ ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ ውሻ ካለው አብሮት የሚኖረውን ወላጅ ወይም አሳዳጊ ጭምር በባለቤትነት ትርጉም ውስጥ አስገብቶታል። ለእኔ ከሁሉ የሚጥመኝ ግን እ.ኤ.አ. የ1991 የብሪታንያ የአደገኛ ውሾች ሕግ ነው፤ ከቁጥጥር ውጭ ሆኖ አደጋ የሚያደርስ ውሻ ባለቤቱ ከ16 ዓመት በታች ከሆነ፣ ልጁ የሚኖርበት ቤት ኃላፊም እንደ ባለቤት እንዲጠየቅ ያዝዛል። ያንን አንቀጽ ያረቀቀው ሰው የእኔን አባወራ በር ሳያንኳኳ አልቀረም።

ይሁን እንጂ እኔ ሥርዓት አክባሪ ሰው ነኝና፣ የተባልኩትን አምኜ አቤቱታዬን ለሚመለከተው አካል አቀረብኩ እንበል። «ለክቡር ባለውሻ፤ ጉዳዩ፦ የሱሪ ካሳ ስለመጠየቅ» ብዬ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ክቡርነታቸው ጠዋት ትምህርት ቤት ናቸው፤ ከሰዓት በኋላ የቤት ሥራ ይዘዋል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ በሒሳብ ፈተና ባመጡት ውጤት የተነሣ ከግቢ እንዳይወጡ ታግደዋል። ባለጉዳይ የሚያነጋግሩት እራት ከበሉ በኋላ ጥርሳቸውን እስኪቦርሹ ባለው ጊዜ ብቻ ነው። ጸሐፊያቸው የሆኑት አያታቸው ማመልከቻዬን ተቀብለው መነጽራቸውን መፈለግ ይጀምራሉ። በቀጠሮዬ ቀን ስቀርብ ክቡርነታቸው «ካሳ» የሚባለውን ነገር ገና እንዳልተማሩት ገልጸው፣ ጉዳዩ ለሚቀጥለው የትምህርት ዘመን እንዲተላለፍ ያዝዛሉ። ደጅ መጥናቴን አይተው ሲራሩልኝ አምስት ብይ ሊከፍሉኝ ይስማማሉ። እኔም እስማማለሁ። ነገር ግን ለአካለ መጠን ያልደረሰ ሰው ያለ አሳዳጊው ፈቃድ ንብረቱን እንዳሻው መስጠት ስለማይችል፣ ብዩን ለመረከብ የአባት ፊርማ ያስፈልገኛል። ወደ አባት እሄዳለሁ። አባት «ውሻው እኮ የልጄ ነው» ይሉኛል። ወደ ልጁ እመለሳለሁ። ልጁ «አባዬ ካልፈቀደልኝ አልችልም» ይለኛል።

በዚህ መካከል ሁለተኛ መዝገብ ይከፈታል። ውሻው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ እየጮኸ ሰፈሩን ስለሚቀሰቅስ ባለቤቱ ወጥቶ ዝም እንዲያሰኘው ይታዘዛል፤ ባለቤቱ ግን ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ከአልጋው እንዳይወርድ እናቱ ያገደችው ሲሆን፣ በእናት እግድ ላይ ይግባኝ አይባልም። ሦስተኛው መዝገብ የክትባት ነው። የእንስሳት ሐኪሙ የባለቤቱን ፊርማ ሲጠይቅ ክቡርነታቸው ስማቸውን በቀይ እርሳስ ጽፈው ከጎኑ የውሻውን ሥዕል ይሥላሉ፤ ሒሳቡ ሲነገራቸው የገንዘብ ሣጥናቸውን ሊሰብሩ ወደ ቤት ይሮጣሉ፤ ሣጥኑን ግን አባት ባለፈው ወር ለቤንዚን ሰብረውት ያገኙታል። በመጨረሻ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ይደርሳል። መጥሪያው ለክቡርነታቸው የሚደርሳቸው በእረፍት ሰዓት፣ ግብ ጠባቂ ሆነው በቆሙበት ቅጽበት ይሆናል፤ ሊፈርሙ ጎንበስ ሲሉ ግብ ይቆጠርባቸዋል፤ ቡድናቸው ይሸነፋል፤ ለደረሰው የሞራል ጉዳትም እኔው ተከሳሽ ሆኜ እቀርባለሁ። አባት ያን ዕለት ልጃቸውን ደግፈው በታዛቢነት ይገኛሉ። ቤተሰብ ማለት ይህ ነው።

የዚህ ጥበብ ተባባሪዎችም ሊረሱ አይገባም። ቡችላ ገዝቶ በልደት ቀን እቅፍ ውስጥ ካስቀመጠ በኋላ ለሁለት ዓመት የማይታየው ቸር አጎት አለ። የገዢውን ዕድሜ ሳይሆን የያዘውን ገንዘብ የሚያይ ሻጭም አለ። ከሁሉ በላይ ደግሞ «ኃላፊነት እንዲማር ብለን ነው» የሚሉ የትምህርት ፈላስፎች አሉ። የማስተማሪያ ዘዴያቸው ድንቅ ነው፦ አዋቂው ኃላፊነትን እንዴት እንደሚሸሽ በየቀኑ በተግባር ያሳያል፤ ልጁም አዋቂው ሸሽቶ የተወውን ያነሣል።

እዚህ ላይ ምስጋናዬን ላቋርጥ። በውሻ የተነከሰ ልጅ የሚያስቅ ነገር የለውም። በዓለም ላይ በእብድ ውሻ በሽታ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎች እንደሚሞቱ ይገመታል፤ በሽታው ወደ ሰው ከሚተላለፍባቸው አጋጣሚዎች 99 በመቶ የሚሆኑት ከውሻ የሚመጡ ናቸው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለውም በሽታው አለባቸው ተብለው በሚጠረጠሩ እንስሳት ከሚነከሱት ሰዎች 40 በመቶው ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል። ቁስሉን ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል ማጠብና ሳይዘገዩ ክትባት መጀመር ግን ሕይወት ያተርፋል፤ ይህ የሚሆነው ታዲያ ልጁ መነከሱን ሲናገር ነው። «ውሻው የአንተ ነው፤ የሚያጠፋው ጥፋት ሁሉ የአንተ ነው» እየተባለ ያደገ ልጅ ይናገራል ወይ? ቢናገር ውሻውን ይወስዱበታል፤ ቢናገር ጥፋተኛው እሱ ነው። ስለዚህ የሱሪውን እግር ወደ ታች ስቦ ጥርስ የነካውን ቦታ ይሸፍናል። አንድ ትልቅ ሰው የክትባት ወጪና የጎረቤት ወቀሳ እንዳይነካው ብሎ ይህን ሸክም በ9 ዓመት ልጅ ትከሻ ላይ ሲጭን ማየት ያስቆጣል፤ ነውር ነው፤ ሌላ ስም አላገኘሁለትም። ውሻውም ቢሆን ከዚህ የተሻለ አልገጠመውም። ልጁ በረሳ ቀን ውኃ የሚያጣ፣ ልጁ ሲሰለቸው አጭር ገመድ ላይ ታስሮ የሚውል፣ ወጪው ሲበዛ ደግሞ በመኪና ተጭኖ ሩቅ ቦታ የሚጣል ፍጥረት ነው። በጎዶሎ ቀኖቹ ሁሉ «ባለቤቱ ልጁ ነው»፤ የሚጣልበትን መኪና የሚነዳው ግን ልጁ አይደለም።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ሊቃውንታችን ገና ያላሰቡት አንድ የሒሳብ ጉዳይ አለና በነፃ ላማክራቸው። ብዙ ውሾች 10 እና ከዚያ በላይ ዓመት ይኖራሉ። ለ9 ዓመት ልጅ የተሰጠ ቡችላ፣ ልጁ 18 ዓመት ሞልቶት በስሙ መፈራረም፣ በራሱ መክሰስና መከሰስ በሚችልበት ዕለት ዓይኑ የደፈረሰ፣ ጥርሱ የረገፈ፣ ከሐኪም ቤት የማይጠፋ ሽማግሌ ሆኖ ይጠብቀዋል። ወጣቱም ሕጋዊ ሰው በሆነ ማግስት ሻንጣውን ይዞ ለትምህርት ወይም ለሥራ ይወጣል፤ በቤት የሚቀሩት አባትና ውሻው ብቻ ይሆናሉ። ከዚያ በኋላ የሚነክሰው ውሻ የማን ነው፣ የሚጠየቀውስ ማን ነው የሚለው ጥያቄ አባወራውን እንቅልፍ ሊነሣቸው ይችል ነበር፤ ነገር ግን ስጋት አይግባቸው። ከመውጣቴ በፊት በበሩ ሥንጥቅ እንዳየሁት ታናሽ ወንድምየው ገና እየዳኸ ነው፤ ሁለተኛው ባለውሻ በእጃቸው ነው።