ጡብ ዘርቶ ድምፅ ማጨድ

ለከተማ ችሮታ አድርጎ በምርጫ ቀን ውለታውን መሰብሰብን የሚያማ ሰው ምቀኛ ነው። ሰጪው ይሰጣል፣ ተቀባዩ እጅ ይነሳል፣ ምስጋናው ተቆጥሮ ፓርላማ ይገባል። ብድር በምድር ማለት ይኸው አይደል? ሙያውን ከሥር ከመሠረቱ መማር የሚሻ እንግሊዝ አገር ይሂድና ቴም እና አንከር የተባሉት ወንዞች የሚገናኙባትን የገበያ ከተማ ታምወርዝን ይጎብኝ። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ከተማዋ በነገሥታት ዘመን ይህን ጥበብ አታውቀውም ነበር። መርሲያ የተባለው የጥንት እንግሊዝ መንግሥት ንጉሥ ኦፋ በ8ኛው ክፍለ ዘመን በዚያ ቤተ መንግሥት ነበረው፤ የማንንም ድምፅ ግን አልለመነም። በ913 ደግሞ የመርሲያዋ እመቤት ኤቴልፍሌድ መጥታ ከቫይኪንጎች የሚከላከል ምሽግ አሠራችላት። ምን አተረፈች? በ918 እዚያው ታምወርዝ አረፈች፤ የጎረቤቱ የዌሴክስ መንግሥት ንጉሥ ወንድሟ ኤድዋርድ ከተማዋን ወዲያው ያዘ፣ ብዙም ሳይቆይ የልጇን የኤልፍዊንን ሥልጣን ገፎ ወደ ዌሴክስ ወሰዳት። ለምሽጉ ምስጋና ሐውልት የቆመላት በ1913 ነው። አንድ ሺህ ዓመት የሚያስጠብቅ ዱቤ ለነጋዴ አይሆንም።

ነጋዴው ቶማስ ጋይ ነበር። እናቱ የታምወርዝ ሰው ናት፤ እሱም ልጅነቱን ያሳለፈው እዚያው ነው። ለንደን ገብቶ በመጽሐፍ ንግድ፣ ከሁሉም በላይ በመጽሐፍ ቅዱስ ሽያጭ፣ ናጠጠ። በ1678 በታምወርዝ ለስድስት ድሆች ሴቶች መጦሪያ ቤት ሠራ። ችኩል አንባቢ እዚህ ላይ ይስቃል፦ ሴት አትመርጥ፣ ምጽዋት ተቀባይም አይመርጥ፤ ለስድስት ድምፅ አልባዎች ጡብ መደርደር ምን ይረባል? ይረባል እንጂ! በታምወርዝ የሚመርጠው ለድሆች መርጃ የሚጣለውን መዋጮ የሚከፍለው አባወራ ነው። አንዲት አሮጊት ጋይ ቤት በገባች ቁጥር የአባወራው ሸክም ትንሽ ይቀልለታል። ያልከፈሉት መዋጮ ከተቀበሉት ጉቦ ይበልጥ ይጣፍጣል፤ ንስሐም አያስገባም።

በ1695 ጋይ ለፓርላማ ተመረጠ። በማግስቱ ዓመት በ1696 ፓርላማው ለመራጭ ገንዘብ መስጠትንና ግብር ማብላትን የሚከለክል ሕግ አወጣ። ሕጉ ግሩም በር ነበረው፦ ክልከላው የሚጀምረው የምርጫው ትእዛዝ ከወጣ ወይም መቀመጫው ክፍት ከሆነ በኋላ ነው። ትእዛዙ ከወጣ ወዲያ አንድ ዋንጫ ጠላ የጋበዘ ጥፋተኛ ነው፤ ከዓመታት በፊት አንድ ሙሉ አዳራሽ ያቆመ ግን በጎ አድራጊ። እንግዲህ በ1701 የታምወርዝ ማዘጋጃ ቤት በጋይ ገንዘብ ተሠራ። ላይኛው መሰብሰቢያ ነው፤ ታችኛው በድንጋይ ዓምዶች ላይ የቆመ ክፍት ገበያ፣ ቅቤ ሻጭ ከዝናብ የሚጠለልበት። እያንዳንዱ የገበያ ቀን የምረጡኝ ቅስቀሳ ነው፤ ለዚያውም ያለ አንድ ንግግር።

ዕቃው መድረሱ የሚረጋገጠውም እንዲሁ በቀላሉ ነበር። ድምፅ የሚሰጠው በአደባባይ ነው፤ መራጩ የሚመርጣቸውን በቃሉ ይናገራል፣ ጸሐፊው ይመዘግባል። ከተማዋ ከ1563 ጀምሮ ሁለት እንደራሴ ስለምትልክ እያንዳንዱ አባወራ ሁለት ድምፅ አለው። ብልህ ሰጪ አንዷን ብቻ ይጠይቃል፤ ሁለተኛይቱን አባወራው ለሌላው ጌታ ይስጥባትና ከሁሉም ጋር ታርቆ ይደር። ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል፤ በሁለት ቤት የበላ ሁለቴ ቢጮህ ምን ነውር አለው?

ጋይን የጣለው የጡብ ጠባይ ነው። አዳራሽ አንዴ ከተሰጠ ተሰጠ። ቅቤ ሻጩ ጋይ ቢመረጥም ባይመረጥም ዝናብ አያገኘውም። በ1708 ታምወርዞች ፊታቸውን አዞሩበት። በጎ አድራጊው ያን ጊዜ ያደረገው ለሙያው መማሪያ ነው፦ አዳራሼን አፈርሳለሁ ብሎ ዛተ ይባላል። ሰዎቹ ደንግጠው በሚቀጥለው ምርጫ እንመልስህ ብለው ሽማግሌ ቢልኩ አሻፈረኝ አለ፤ መጦሪያ ቤቱንም ለከተማው ሰው ዘግቶ በዙሪያው ላሉ መንደሮች ሰዎችና ለዘመዶቹ አደረገው። ከስድስቱ ሴቶች አንዷም በ1708 ድምፅ አልሰጠችም፤ ቅጣቱ ግን የወረደው በእነሱ ቢጤዎች ላይ ነው። በ1720 ደግሞ ሳውዝ ሲ በተባለው የንግድ ኩባንያ የነበረውን አክሲዮን ዋጋው ከመንኮታኮቱ በፊት ሸጦ እጅግ ከበረና ገንዘቡን ስሙን ለያዘው የለንደን ሆስፒታል አዋለው። የለንደን በሽተኛ ለታምወርዝ አባወራ ውለታ ቢስነት ምስጋና አለበት።

ፒል የተባሉት ቤተሰቦች ከዚህ ተምረው ሙያውን አሻሻሉት። ጡብ አይነጠቅም፤ ደመወዝ ግን በፈለጉት ቅዳሜ ሊቆም ይችላል። የጥጥ ፋብሪካ ጌታው አዛውንቱ ሮበርት ፒል በ1790 በአካባቢው ርስት ገዛ፣ በዚያው ዓመት ፓርላማ ገባ። በስም ሞክሼው የሆነው ልጁ ከ1830 እስከ ዕለተ ሞቱ በ1850፣ የልጅ ልጁም እስከ 1880 በመቀመጫው ሰነበቱ። እዚህ ላይ «ርስት» የሚለውን ቃል የተጠቀምነው በሁለቱም ፍቺው ነው።

ከሁሉ የረከሰው ችሮታ የልጁ ነው። በ1834 ንጉሥ ዊልያም 4ኛ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ሜልበርንን አሰናብቶ በምትኩ እንዲሾም ፒልን ከጣልያን አስጠራው። ፒል ታኅሣሥ ውስጥ «ለታምወርዝ መራጮች» የሚል ደብዳቤ ጻፈ፤ የ1832ቱን የምርጫ ማሻሻያ ሕግ ዳግም እንደማይነካካው ቃል የገባበት ነው። ካቢኔው አይቶ አጸደቀው፣ የለንደን ጋዜጦችም አተሙት። ታምወርዝ ውስጥ ተፎካካሪ እንኳ አልቀረበበትም፤ የታምወርዝ ሰው የአገር ሁሉ ደብዳቤ በስሙ ሲላክ አድራሻውን አከራየ እንጂ ምን አደረገ? ለዚህም አንድ ጡብ አልወጣም።

በ1872 የምስጢር ድምፅ አሰጣጥ መጣና ሒሳቡን አበላሸው፤ ማን እንደከፈለና ማን እንደካደ መለየት ቀረ። በ1885 ደግሞ የከተማዋ የራሷ መቀመጫ ተሰረዘ።

የጋይ አዳራሽ ግን ዛሬም አለ። ከፊቱ በ1853 የተተከለ ሐውልት ይታያል፤ የቆመው የደብዳቤው ጌታ ፒል ነው።