ምስጋና ለባለ ክብሪቱ ጎረቤታችን

የመሀል አዲስ አበባ ሰው ሰነፍ ነው የሚል ካለ፣ ኅዳር 12 ማለዳ ከአራት ኪሎ ቁልቁል ወደ ቀበና ወንዝ ይውረድ። ዓመቱን ሙሉ ማጭድ ያልነካ እጅ ሁሉ ያን ቀን ይበረታል። ክረምቱ እስከ ወገብ ያበቀለው ሣር ይታጨዳል። የወንዝ ዳሩ ጉሎ ይመነጠራል፣ የጽዱ አጥር ይከረከማል፣ ባህር ዛፉ ያራገፈው ቅጠል ይጠረጋል። እሳት ሊይዝ የሚችል ነገር አንድም ሳይቀር አንድ ቦታ ይከመራል። ከዚያስ? ከዚያማ ይለኮሳላ!

ይህን ጥበብ ሌላው ዓለም አልደረሰበትም። በፈረንጆቹ ጥር 2025 በሎስ አንጀለስና አካባቢዋ ሰደድ እሳት ከ16 ሺህ በላይ ሕንፃዎችን በላ። የካሊፎርኒያ ሕግ ለእሳት በተጋለጠ አካባቢ የሚኖር ሰው በቤቱ ዙሪያ እስከ 100 ጫማ፣ 30 ሜትር ገደማ መሆኑ ነው፣ ደረቅ ሣርና ቁጥቋጦ እንዲያጸዳ ያዛል። ከግድግዳው አጠገብ ባለው ሜትር ተኩል ውስጥ ደግሞ የሚነድ ነገር ጭራሽ ባይኖር ይላሉ ባለሙያዎቹ። ብዙውን ቤት የሚያቃጥለው ከሩቅ የሚታየው ነበልባል አይደለም፤ ነፋስ አስቀድሞ የሚልከው ፍንጣሪ ነው። አሸንዳ ውስጥ የተጠራቀመ ደረቅ ቅጠል ካገኘ በቃው። ስለዚህ የቆረጡትን ይፈጩታል ወይም ጭነው ያርቁታል። ምስኪኖች! ያን ሁሉ ማገዶ ሰብስበው ሳይሞቁት ይሸኙታል።

እኛማ 30 ሜትር ብንለካ አምስት ቤት አልፈን የሰው ጓዳ ውስጥ ነው የምንገባው። ሜትር ተኩሉም ቢሆን ግቢያችን ማለት ነው። እዚያ የከሰል ጆንያ አለ፣ ፍልጥ አለ፣ «ለቀን ያስፈልጋል» የተባለ የደርግ ዘመን ፍራሽ አለ። ለማን ብለን ነው የምናነሳው? ፍንጣሪውስ ሲመጣ ምን ላይ ይረፍ?

የሰፈራችን ጀግና አንድ ጋሼ ናቸው። ክምሩን የሚሠሩት ከመብራት ምሰሶው ሥር ነው፤ ሌላው ቦታ መኪና ይቆምበታል። ባለፈው አንድ ጎረምሳ ደፈር ብሎ «ጋሼ፣ ሽቦው እኮ እላይዎ ላይ ነው» አላቸው። «አንተ ልጅ፣ እኔ ሰፈሩን በጭስ ሳጥን እናትህ ገና አላገባችም» አሉት። ክርክሩ እዚያው አለቀ። ከዚያ ላስቲኩ፣ የተቀደደ ጫማውና አሮጌው ጎማ ሣሩ ላይ ተጨመረ። ሣር ብቻውን ቶሎ ይጠፋል፤ ጎማ ግን ቃሉን ያከብራል፣ እስከ ማታ ይጨሳል።

ነገሩ ታሪክ አለው። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የተባለው ኢንፍሉዌንዛ ከተማዋን ፈጃት። ኅዳር 12 ሰፈር ማጽዳቱና ቆሻሻ ማቃጠሉ የዚያ መታሰቢያ ነው ይባላል። የመተንፈሻ አካል በሽታን በጎማ ጭስ ማሰብ ከእኛ ሌላ ለማን ይታያል? ደግሞም የዚያን ጊዜ ሰው ላስቲክ አልነበረውም። ጎድሎበት የነበረውን እኛ አሟልተንለታል። የኅዳር ማለዳ ቀዝቃዛና ነፋስ አልባ ስለሆነ ጭሱ ወደ ላይ አይሄድም። ከእኛው ጋር ይውላል፣ አስም ያለበትን ሁሉ ቤት ለቤት ይጠይቃል።

ትልቁ ብልሃት ግን መንገዱ ላይ ነው። ለእሳት አደጋ 939 ይደወላል፣ ነጻ ነው። የእኛ ቅያስ መግቢያ ላይ ግን የአሸዋ ክምር አለ። ከእሱ ቀጥሎ ሁለት ሚኒባስ፣ ከሚኒባሶቹ ቀጥሎ የእድር ድንኳን። በ2017 ጥቅምት መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል የእሳት አደጋ መኪኖች መንገድ ጠቧቸው እንደተቸገሩ መላው አገር ሰምቷል። እኛም ሰምተናል። አሸዋውን ግን አላነሳነውም፤ እሳት ቢነሳ ለማጥፊያ ይሆናል ተብሎ።

ጽዳቱ ሲያልቅ ያልነደደው ቅርንጫፍ በአጥር ላይ ተሻግሮ ወንዝ ዳር ይጣላል። አጥሩን ተሻገረ ማለት ጸዳ ማለት ነው። ያ ቅርንጫፍ ታኅሣሥን በሙሉ ሲደርቅ ይከርማል። የባህር ዛፉ ቅጠል ደግሞ ከነዘይቱ ነው፤ በምኒልክ ዘመን ሲመጣ ማገዶ ይሁን ተብሎ ነበር፣ አደራውን አልበላም። ከዚያ የበጋው ነፋስ ይነሳል። ከታች ያሉት የቆርቆሮና የጭቃ ቤቶች ምን እንደተላከላቸው ያን ጊዜ ይረዱታል።

ጋሼ ዕድሜ ይስጥልን፣ ለከርሞም አልተዘናጉም። ከወዲሁ ጎማ እየሰበሰቡ ነው። እስካሁን ስድስት ደርሷል፤ ኩሽናው ጀርባ፣ ከጋዝ ሲሊንደሩ አጠገብ ደርድረውታል። ዝናብ እንዳይነካው ብለው ሣር አልብሰውታል።