አዙሮ ማሽተት

ወይን ጠጅ መጠጣት ከጀመርኩ ብዙ ዓመቴ ነው። አጠጣጤ ቀላል ነበር። ጉደር ይከፈታል፣ ግማሽ ብርጭቆ ይቀዳል፣ የቀረውን ኮካ ይሞላዋል። ኮካ ከጠፋ አምቦ ውሃ። "ምን ምን ይሸትሃል?" ያለኝ ሰው የለም።

ባለፈው ወር አንድ የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ ስታዲየም አካባቢ ወዳለ ሆቴል ወሰደኝ። የወይን አቀማመስ ሥልጠና ነው። እናቴ "ሥልጠና" ስትሰማ መጠጥ የሚያስተወኝ መስሏት መርቃ ሸኘችኝ።

እያንዳንዳችን ፊት አራት ባለ ረጅም እግር ብርጭቆ ተደርድሯል። አሰልጣኟ መጥታ ከየብርጭቆው ሥር ጠብ አደረገች። ጠብ! ሰርግ ላይ እንዲህ ቢቀዳ ዘመድ ከዘመድ ይጣላል። ለካ ቅምሻ ላይ ብርጭቆው ከሲሶ በላይ አይሞላም። የተረፈው ቦታ ለሽታው ነው። በዚህ የቤት ኪራይ ዘመን፣ ለሽታ ሁለት ክፍል!

"መጀመሪያ እዩት፣ ከዚያ አዙሩት፣ ከዚያ አሽቱት" አለች። አዞርን። ጓደኛዬ ሲያዞር ጉልበት አበዛና ሜርሎ የሚባለው ቀይ ወይን ሸሚዜ ላይ አረፈ። ነጭ ሸሚዝ ነበር።

ቀጥሎ ጥያቄ መጣ፦ ምን ሸተታችሁ? ፊት ለፊቴ ያለችው ልጅ ዓይኗን ጨፍና "ብላክቤሪ" አለች። እኔ ብላክቤሪ የማውቀው ስልኩን ነው። ሌላው "ቼሪ፣ ከኋላ ደግሞ ትንሽ ቆዳ" አለ። ተራዬ ደረሰ። ላብ በላብ ሆንኩ። አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ።

"የአያቴ የጠላ ጋን።"

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። አሰልጣኟ ግን አልሳቀችም። "በምን ይታጠን ነበር?" አለችኝ።

"በወይራ።"

አጨበጨበችልኝ። የኦክ በርሜል ከውስጥ በእሳት ይለበለባል፤ እዚያ ውስጥ የከረመ ወይን የጭስ ሽታ ሊወርስ ይችላል። አያቴ ኦክ የሚባል ዛፍ ሳታይ ነው ያረፈችው፤ ነገሩ ግን ቀድሞ ገብቷት ነበር። ወዲያው የብላክቤሪዋ ልጅ "የእኔም እኮ ወይራ ወይራ ይላል" ማለት ጀመረች።

እኛ እኮ ለማሽተት ማን ይደርስብናል? ቅቤ ተራ ቆመን፣ በጣታችን ነክተን፣ አሽተን፣ "ይሄማ የሸኖ ለጋ አይደለም" ብለን ጥለን የምንሄድ ነን። ቡና ሲቆላ ጭሱን በእጃችን ወደ አፍንጫችን የምንስብ ነን። ግን ለዚያ ሰርተፍኬት የሰጠን የለም።

"ይሄ ደረቅ ነው" አለች ስለ ሦስተኛው። ፈሳሽ እንዴት ይደርቃል? እርሾው ስኳሩን በልቶ ወደ አልኮል ስለለወጠው ጣፋጭነቱ አልቋል ማለት ነው። ድዴን ጭምድድ ያደረገኝ ደግሞ ታኒን ይባላል። ከወይኑ ልጣጭና ከውስጡ ዘር ይመጣል። ያልበሰለ ዘይቱን የበላ ሰው ያውቀዋል፤ ወፍሮ የቆየ ሻይም ያው ነው። ኮካ ይሄን ሁሉ ዓመት የሸፈነብኝ እሱን ኖሯል። ኮካን አመሰገንኩ።

ቀይ ወይን ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሲሆን ነው የሚጠጣው። እኛ ከቢራው ጋር ፍሪጅ እንከተዋለን። ይሄን ሰምቼ ዝም አልኩ።

ፎርማጆም ቀርቦ ነበር። ቀኑ ግን ረቡዕ ነው። ጓደኛዬ "ሽሮ ከየትኛው ጋር ይሄዳል?" ብሎ ሲጠይቅ አሰልጣኟ ሰዓቷን አየች።

መሃል ላይ ባልዲ የምታክል ዕቃ ተቀምጣለች። ለካ ባለሙያዎች ቀምሰው ይተፋሉ። የተከፈለበትን! ሰባት ሰዎች ነበርን። ሥልጠናው ሲያልቅ ባልዲዋን አየኋት፦ ደረቅ። ይሄኛው ደረቅ ሳይብራራልኝ ገባኝ።

መጨረሻ ላይ ምግብ ቤት ያለውን ሥርዓት አስተማረችን። አስተናጋጁ ጠብ አድርጎ ሲጠብቅህ "ወደድከው?" እያለህ አይደለም። "ተበላሽቷል ወይ?" እያለህ ነው። ቡሹ ያበላሸው ወይን የራሰ ካርቶን ይሸታል። በእኛ አሳላፊዋ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ራሷ ቀምሳ ነበር የምታቀርበው። እዚያ ጣጣው የእንግዳው ነው።

ቅዳሜ አራት ኪሎ አካባቢ አንድ ጠጅ ቤት ገባሁ። ብርሌውን ሳየው ደነገጥኩ። ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ ጠባብ፤ ሽታ የሚይዘው ብርጭቆ ለካ እዚሁ ነበር። ከፍ አድርጌ ቀለሙን አየሁ። አዞርኩት። አሸተትኩት። ደግሜ አዞርኩት።

አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ ሲያዩኝ ቆይተው "ምነው ልጄ፣ ዝንብ ገባበት?" አሉ።

"አይ ጋሼ፣ ደህና መሆኑን እያየሁ ነው።"

"እስቲ አምጣው" ብለው ከእጄ ተቀበሉኝ። አላዞሩትም። አንዴ አንጋጠው ጨለጡትና አፋቸውን ጠራርገው ባዶውን ብርሌ መለሱልኝ።

"ደህና ነው" አሉኝ። "ምንም የለበትም።"