ከተማዋ ነቃች አሉ

ሰሞኑን ሐዋሳ ፒያሳ አንድ ጫማ ቤት ተከፈተ። ይከፈት፣ እሰየው። በሩ ላይ ግን ሁለት ሰው የሚያክል ሞንታርቦ ተገትሮ ከጠዋት እስከ ማታ "ታላቅ ቅናሽ!" እያለ ይጮሃል። ትናንት ያልነበረ ሱቅ ከየትኛው ዋጋው ላይ ነው የቀነሰው?

ጩኸቱንስ እችለው ነበር። አብሮኝ ማኪያቶ የሚጠጣው ባልደረባዬ ነው ያበሸቀኝ። ጆሮውን በጣቱ እየደፈነ፣ "አየህ፣ ከተማዋ ነቃች!" አለኝ። ስንቴ ነው የምትነቃው? ዘንባባው ላይ መብራት ሲጠመጠም ነቃች። ካፌው ወንበር ሲቀይር ነቃች። አዲስ ሕንፃ ሲቆም ነቃች። ምድሩን ባንክ ይይዘዋል። ከዚያ በላይ ያለው "የሚከራይ ቢሮ" የሚል ጨርቅ ለብሶ ዓመት ይከርማል። ባልደረባዬ ባንኩን ይቆጥራል፤ ጨርቁን አይቆጥርም።

"ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" የምትለዋን ተረት እወዳታለሁ። የማላስገባት ቦታ የለም። ሠርግ ላይ ስጠቅሳት ብቻ ሙሽሮቹ ደስ አላላቸውም። ፒያሳ ላይ ስንቱ ሱቅ ነው ሪባኑ ሳያድፍ በሩን የዘጋው? ሲከፈት የጮኸ ሁሉ ሲዘጋ ድምፁ አይሰማም።

መነቃቃት ሲባል ደግሞ የድሮ አከራዬ ትዝ ይሉኛል። ሐምሌ 2008 የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ። ያ እንኳ የምር ነበር። እዚሁ የተሰፋ ሸሚዝ አሜሪካ ይሸጥ ነበር። ከየገጠሩ የመጡ ሴት ልጆች ለአራት ለአምስት እየሆኑ አንዲት ክፍል ተከራዩ። ደመወዛቸው ከቤት ኪራይና ከሽሮ አያልፍም። አከራዬ ግን ፈጥነው ነቁ። "ልጄ፣ ፋብሪካ መጥቷል፤ ዘመኑን እያየህ" ብለው ጨመሩብኝ። እኔ ከፋብሪካው አንዲት ቁልፍ እንኳ አልደረሰችኝም!

ኅዳር 2014 ፒቪኤች የተባለው ትልቅ የአሜሪካ ልብስ ኩባንያ ፓርኩ ውስጥ የነበረውን ፋብሪካውን ዘጋ። በሰሜኑ ጦርነት ሰበብም ታኅሣሥ 23 ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከምንሸጥበት ዕድል፣ ከአጎዋ፣ ታገድን። ብዙዎቹ ልጆች ሥራ አጡ። እኔም የአከራዬን በር አንኳኳሁ።

"እማማ፣ እንግዲህ ዘመኑን እያዩ..."

"ኑሮ ተወደደ እኮ ልጄ" ብለው ጨመሩብኝ።

ከተማዋ ነቃች፣ ኪራይ ጨመረ። ከተማዋ ተኛች፣ ኪራይ ጨመረ። ይህን የሚያስረዳኝ የኢኮኖሚ ባለሙያ ካለ ማኪያቶ እጋብዘዋለሁ። ማኪያቶውም እስከዚያ ካልጨመረ ነው።

የባጃጅ ሾፌሩም ያው ነው። "ፋዘር፣ መንገዱ እኮ አምሯል" ይልና ታሪፉ ላይ ይጨምራል። መንገዱን እሱ የሠራው ይመስል!

ስለ ጫማ ቤቱ ነበር የጀመርኩት። ጫማ አልገዛሁም፤ የሚገዛም አላየሁም። ሰው ሞንታርቦውን ቪዲዮ ቀርጾ ያልፋል።

ለባልደረባዬ እኔ የማምነውን ምልክት ነገርኩት። የሰፈራችን ባለሱቅ የዱቤ ደብተር አለው። ደብተሩ ሲሳሳ ያን ጊዜ ነቃች በለኝ አልኩት።

"አሁንስ እንዴት ነው?" አለኝ።

"ሞልቶ ሌላ ጀምሯል።"

"አየህ!" አለኝ። "ሽያጭ ጨምሯል ማለት ነው።"