በሩ የማይዘጋው እስር ቤት

ርካሽ ሆረር እወዳለሁ። ይህን ቀድሜ ልናገር፤ ኋላ "ሰውዬው አዋቂ ነኝ ባይ ነው" እንዳልባል። ጭንብል ያጠለቀ ሰው ቢላዋ ይዞ ወጣቶችን አንድ በአንድ የሚያሳድድበት፣ ማን ቀድሞ እንደሚሞት ገና ከጅምሩ የሚታወቅበት ዓይነት ፊልም። ስላሸር የሚሉት ማለት ነው። ከጓደኛ ጋር ሲያዩት ከኮሜዲ አይተናነስም። "ኧረ አትግባ! ምን አስገባህ አንተ!" እያሉ ስክሪኑ ላይ መጮህ የራሱ ደስታ አለው።

ስለዚህ ሰሞኑን ዩቲዩብ ላይ ያገኘሁትን፣ የተተወ እስር ቤት ውስጥ የተቀረጸ አንድ የአሜሪካ ፊልም ለማየት የተቀመጥኩት ስህተት ልፈልግ ብዬ አልነበረም። ስሙን አልጠራም። ከጠራሁት ፈልጋችሁ ታዩታላችሁ፤ ከዚያ የባከነው ጊዜያችሁ በእኔ ላይ ይቆጠራል። ታሪኩ ይህን ያህል ነው። ጓደኛሞች ቪዲዮ ለመሥራት ብለው ከተዘጋ ብዙ ዓመት የሆነው እስር ቤት ውስጥ ሊያድሩ ይገባሉ። ውስጥ ገዳይ አለ። የድሮ እስረኛ ነው ይባላል። ምን አድርጎ ታሰረ? አይነገርም። ሌሎቹ ሲወጡ እሱ ለምን ቀረ? እሱም አይነገርም። ምን እየበላ ኖረ የሚለውንማ ማን ሊጠይቅ።

ደሙ የቲማቲም ድልህ መሆኑ ከሩቅ ያስታውቃል። አንዷ ልጅ ግራ ክንዷን ትወጋለች፤ ትንሽ ቆይቶ ፋሻው ቀኝ ክንዷ ላይ ነው። ንግግሩ ደግሞ ባዶ በርሜል ውስጥ ገብተው የሚያወሩ ያስመስላል። ካሜራው ላይ ባለው ማይክ ብቻ ነው የቀዱት መሰለኝ። ኮንክሪትና ብረት የበዛበት ቤት ድምፅ ይመልሳል። ማይኩ ወደ ተዋናዩ አፍ ካልቀረበ ቃሉና ማሚቶው ተቀላቅለው ማንም ምንም አይሰማም።

ይህን ሁሉ ይቅር እላለሁ። ገንዘብ ማጣት ነውር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው "ሃሎዊን" የተባለው ስላሸር ራሱ የተሠራው በ325 ሺህ ዶላር ገደማ ነው፤ ለሆሊውድ የኪስ ገንዘብ ማለት ነው። ገዳዩ የሚያጠልቀው ጭንብል ከሱቅ የተገዛ፣ የ"ስታር ትሬክ"ን ካፒቴን ከርክ ፊት የሚያሳይ የመጫወቻ ጭንብል ነበር። የዓይኑን ቀዳዳ ሰፋ አድርገው ነጭ ቀለም ቀቡት፣ አለቀ። ታሪኩ የሚሆነው ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት ነው፤ የተቀረጸው ግን ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ዛፉ ሁሉ ለምለም ሆኖ። ስለዚህ ቅጠል ቀለም እየቀቡ መንገድ ላይ ይበትናሉ፤ ቀርጸው ሲጨርሱ ለቅመው ለሚቀጥለው ትዕይንት ያስቀምጣሉ። እንዲህ ተብሎ የተሠራ ፊልም በመላው ዓለም ወደ 70 ሚሊዮን ዶላር አስገባ። ደም ደግሞ የለበትም ማለት ይቻላል።

ጠቤ ከበጀቱ ጋር አይደለም። ከቦታው ጋር ነው።

አሜሪካ ውስጥ የተዘጋ አሮጌ እስር ቤት ሞልቷል። ኦሃዮ፣ ማንስፊልድ ያለው እ.ኤ.አ. በ1990 ተዘግቶ ዛሬ ጎብኚና ፊልም ሠሪ ይመላለስበታል። ፊላዴልፊያ ያለው ኢስተርን ስቴት ከ1971 ወዲህ ባዶ ነው፤ በሃሎዊን በዓል ሰሞን መደንገጥ የሚፈልግ ሕዝብ ትኬት እየቆረጠ ይገባበታል። ገንዘብ ለሌለው ዳይሬክተር እንዲህ ያለ ቦታ ሎተሪ ነው። ዝገቱ በነፃ፣ የተላጠው ቀለም በነፃ፣ ረጅሙ ኮሪደር በነፃ።

ጣጣውም እዚህ ይጀምራል። ቦታው ሁሉን ስለሰጣቸው እነሱ ምንም አላሰቡም። ፊልሙን ሳይ የሆነ ነገር ሲከነክነኝ ቆይቶ ወደ መጨረሻው ገደማ ገባኝ፤ አንድም በር አይዘጋም። እስር ቤት ውስጥ ነን፣ በየክፍሉ የብረት በር አለ፣ ሁሉም ወለል ብሎ ተከፍቷል። ልጆቹ እየሮጡ ይገባሉ፣ እየሮጡ ይወጣሉ። ገዳዩም እንደዚያው። ምናልባት ያከራያቸው ሰው "በር እንዳትነኩ" ብሏቸው ይሆናል፤ የዛገ ቁልፍ አንዴ ከተቆለፈ ማን ይከፍተዋል? ይሁን። ግን አንድ በር፣ አንዴ ብቻ፣ በድምፅ እንኳ ቢሆን ከኋላቸው ጓ ብሎ ቢዘጋ ምን ነበረበት? ቦታው ትምህርት ቤት ቢሆን፣ መጋዘን ቢሆን፣ ከስክሪፕቱ አንድ መስመር አይቀየርም ነበር።

አዲስ አበባ መሀል ላደገ ሰው ይህ ያናድዳል። ከርቸሌ ከከተማ ውጭ አልነበረም፤ ሰፈር ውስጥ ነበር። ዓለም በቃኝ የሚለውን ስም ከትልልቅ ሰዎች አፍ ሳይሰማ ያደገ የለም። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ወደ 60 የሚጠጉ ባለሥልጣናትና መኮንኖች የተረሸኑት እዚያ ነው። ዛሬ በቦታው ቻይና በ200 ሚሊዮን ዶላር ያሠራችው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ቆሟል፤ የተመረቀው በጥር 2004 ዓ.ም. ነው። በታክሲ የሚያልፈው ወጣት ከሥሩ ምን እንደነበር ላያውቅ ይችላል። እናቱ ግን ታውቃለች።

ለእናቶቻችን እስር ቤት ማለት ስንቅ ነው። በር ላይ ወረፋ አለ። ፈታሹ እንጀራውን ገለጥ አድርጎ ያያል፣ ወጡን ያማስላል፣ "እስቲ ቅመሺው" ይላል። ትቀምሳለች። ባዶው ዕቃ ሲመለስላት ልጇ በልቷል ማለት ነው፤ እስከ ነገ ትተነፍሳለች። በደርግ ጊዜ አንድ ቀን ከዚያ መስኮት "ከዛሬ ወዲያ ስንቅ እንዳታመጪ" ትባላለች። ሌላ ማብራሪያ የለም። ማብራሪያ የምትጠይቅም አልነበረችም። ይህን ለመቅረጽ ስንት ብር ያስፈልጋል? አንድ መስኮት፣ አንድ ምሳ ዕቃ፣ ሁለት ተዋናይ።

ፒያሳ አካባቢ ያለውን ማዕከላዊንም አስቡት። በ2010 ዓ.ም. ተዘግቶ በ2011 መጨረሻ ለጎብኚ ተከፈተ። ታሳሪዎቹ ለክፍሎቹ ስም አውጥተውላቸው ነበር፦ ጨለማ ቤት፣ ጣውላ ቤት፣ ሸራተን። ሸራተን የተባለው ሻል ያለው ነው። ሰው በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሆኖ እንዲህ ይቀልዳል እንግዲህ። ይህችን አንዲት ስም ብቻ የሰማ ጸሐፊ የግማሽ ፊልም ንግግር ይወጣለታል። ያየሁት ፊልም ላይ ግን ያ ቤት ሰው ታስሮበት የሚያውቅ አይመስልም። ግድግዳው ላይ የተጻፈው ብቸኛ ነገር ፊልም ሠሪዎቹ ራሳቸው በቀይ ቀለም የጻፉት "ውጡ" የሚል ቃል ነው። ቀለሙ ገና አልደረቀም፣ ይንጠባጠባል።

እስር ቤት የሆረር መጫወቻ አይሁን የሚሉ አሉ። አልስማማም። የሚያስፈራ ቦታ ላይ የሚያስፈራ ፊልም መሥራት ያለ ነገር ነው። የማልስማማው ቦታውን ለግድግዳው ብቻ ሲፈልጉት ነው።

ይህን የምጽፈው አሜሪካኖቹ እንዲያነቡት አይደለም። እኛ ጋም በስልክ የሚቀርጹ፣ ሆረር እንሞክር የሚሉ ልጆች አሉ። ደስ ይለኛል። ብዙ ፊልማችን ከአንድ ቪላ ሳሎን ሶፋ ላይ አልነሳ ብሎ ዓመታት አልፈዋል፤ ምክንያቱም ያው ገንዘብ ነው። ልጆቹ አሁን ዓይናቸውን የጣሉት ጅምር ሕንፃ ላይ ነው። ጥሩ ዓይን ነው። መሀል ከተማ ቆማችሁ ዞር ብትሉ በእንጨት መወጣጫ የታጠረ፣ ወለሉ ፈሶ ግድግዳው ያልተሞላ ሕንፃ አታጡም።

ግን ካሜራ ይዛችሁ ከመግባታችሁ በፊት ዘበኛውን አናግሩት። ምድር ቤት በቆርቆሮና በላስቲክ የሠራት ጎጆ አለችው። ጋቢውን ተከናንቦ ሬዲዮ ይሰማል፣ ውሻው እግሩ ሥር ተኝቷል። የትኛው ፎቅ ላይ ሌሊት ንፋስ እንደሚያፏጭ፣ የሊፍቱ ጉድጓድ የት ድረስ እንደሚወርድ፣ የትኛው ደረጃ መሀል ላይ እንደሚቋረጥ ከመሐንዲሱ በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። "ጋሼ፣ ማታ ማታ የማይወጡበት ፎቅ አለ?" በሉት። አለ። ለምን እንደማይወጣ ሲነግራችሁ ስክሪፕታችሁን ጣሉትና እሱን ጻፉ። ማይክ ደግሞ ከሰውም ቢሆን ተዋሱ።

ለሕንፃው ባለቤት ፈቃድ ስትጠይቁ ግን ሆረር ነው እንዳትሉት። የቤተሰብ ድራማ በሉት።