ግሩፕ አሳይመንት ያስተምራል?

የመከራከሪያ ሐሳብ፦ በዩኒቨርሲቲ ከሌክቸር ይልቅ የክፍል ውይይትና የቡድን ሥራ ያስተምራል።

ደጋፊ፦ ሌክቸር ብቻ የሚሰጥ መምህር ተማሪው የቱ ጋ እንደጠፋበት የሚያውቀው ሚድ ሲያርም ነው። የሃርቫርዱ የፊዚክስ መምህር ኤሪክ ማዙር እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመሩት ዘዴ ይህን ቀድሞ ያሳያል። መምህሩ አራት ምርጫ ያለው፣ ስሌትን ሳይሆን መረዳትን የሚፈትሽ ጥያቄ ያቀርባል። ተማሪው ሳይነጋገር አንድ ሁለት ደቂቃ አስቦ ይመልሳል። በትክክል የመለሰው ከ30 በመቶ በታች ከሆነ መምህሩ እንደገና ያስረዳል፤ ከ70 በላይ ከሆነ ባጭሩ አብራርቶ ያልፋል። ውይይቱ የሚያስፈልገው መሀል ላይ ሲሆን ነው፦ የተለያየ መልስ የያዙ ጎረቤታሞች ሁለት ሦስት ደቂቃ ይከራከሩና እንደገና ይመልሳሉ። አራት ላይ ታጥፎ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ የተጻፈበት ወረቀት ደረት ላይ መያዝ ይበቃል። እጅ ማውጣት ግን አይሆንም፤ ሁሉም የጎበዙን እጅ አይቶ ነው የሚያወጣው። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ፣ 225 ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና በሌክቸር ኮርሶች የወደቁት በአማካይ 34 በመቶ፣ ተማሪው በሚሳተፍባቸው ግን 22 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል።

ተቃዋሚ፦ ትንተናው የሳይንስ፣ የምህንድስናና የሒሳብ ኮርሶችን ብቻ እንደሚመለከት፣ ውጤቱም ይበልጥ የጎላው ከ50 ተማሪ በማይበልጥ ክፍል መሆኑን አልነገሩንም። ደግሞስ እኛ ጋ የቡድን ሥራ የሚባለው ይህ ነው እንዴ? ስድስት ተማሪ በአይዲ ቅደም ተከተል ይመደባል። አንዱ መግቢያውን፣ አንዱ መደምደሚያውን ይወስዳል፤ ከባዱ ክፍል ጎበዙ ላይ ይወድቃል፤ የፕሪንት ያዋጣ ስሙ ከቨር ፔጁ ላይ ይሰፍራል። ነጥቡ ለሁሉም እኩል ነው። ፈረንሳዊው ማክሲሚሊየን ሪንግልማን ገመድ በማስጎተት እንዳሳዩት፣ ስምንት ሰዎች አብረው ሲጎትቱ የሚወጣው ጉልበት የእያንዳንዳቸው ተደምሮ ከሚሆነው ግማሽ ገደማ ነበር። ሌላም አለ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሁን እንጂ ውይይቱ ወዲያው ወደ አማርኛ ወይም ወደ ኦሮምኛ ይዞራል፤ ቋንቋውን የማይችለው ዝም ብሎ ይቀመጣል። የመውጫ ፈተናውን ግን እያንዳንዱ ብቻውን ነው የሚቀመጠው።

ደጋፊ፦ ከ50 በላይ ሲሆን ውጤቱ እንደሚቀንስ አምናለሁ። የከቨር ፔጁ ነገር ግን የአሰጣጥ ችግር ነው። ቡድኑ ሦስት ወይም አራት ሰው ይሁን፤ ሲመደብ የጋራ ቋንቋም ይታይ። ሥራው ለየብቻ ተቆርሶ የሚወሰድ አይሁን፦ «ስለ ዋጋ ግሽበት ጻፉ» ከማለት አንድ የዋጋ ሰንጠረዥ ሰጥቶ «መንስኤው ፍላጎት ነው አቅርቦት? አንዱን መርጣችሁ ተከራከሩ» ማለት ይሻላል። ከ10 ነጥብ 4ቱ ከውይይቱ በፊት በሚሰጥ የግል ኩዊዝ፣ 3ቱ በቡድኑ ጽሑፍ፣ 3ቱ በቃል ጥያቄ ይያዝ። የሚመልሰውን አባል ዕጣ ይወስነው።

ተቃዋሚ፦ ሒሳቡን እንሥራው። ስልሳ ስልሳ ተማሪ ያለባቸው ሦስት ሴክሽኖች 45 ቡድን ይሆናሉ። ለአንድ ቡድን አምስት ደቂቃ ቢሰጥ 225 ደቂቃ ነው፤ ያውም ለአንድ አሳይመንት። መምህሩ ሁለተኛው ላይ ይሰለቻል፣ ወደ ከቨር ፔጁም ይመለሳል። የወረቀቷን ጥያቄ ያለ ነጥብ ክፍል ውስጥ ይጠቀሙባት፤ ነጥብ የሚያዝበት ሥራ ግን የግል ይሁን።

ደጋፊ፦ ሁሉንም መጠየቅ ለምን ያስፈልጋል? ከአንድ ሴክሽን 15 ቡድኖች አምስቱ በዕጣ ቢወጡ 25 ደቂቃ ይበቃል፤ ላልወጡት 3ቱ ነጥብ ወደ ኩዊዙ ይዛወር። የወጣውም ቡድን ለሚቀጥለው ዕጣ ይመለስ፤ ያለዚያ አንዴ የተጠየቀ እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ ይተኛል።