ምስጋና ለኬክሮስ

ሰሞኑን ደግሞ በአንድ ስብሰባ ላይ ያ የምታውቁት የዓለም ካርታ ተዘረጋ። ጥያቄው «ድልድዩ ለምን አላለቀም?» የሚል ነበር። የመድረኩ ሊቅ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ቀይ መብራታቸውን የምድር ወገብ ላይ አሳረፉ። በዚያ አካባቢ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ወደ አናት ቀርባ ትውላለች፤ አየሩ ይሞቃል፣ ወደ ላይ ያርጋል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይዘንባል። እርጥበቱን ያራገፈው አየር 30 ዲግሪ ኬክሮስ (ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ያለው ርቀት) ገደማ ሲወርድ በረሃ ይፈጥራል። ትክክል! ከዚያ ወደ ነፋሳት አለፉ፤ ከነፋሳት ወደ ውቅያኖስ፣ ከውቅያኖስ ወደ ምድር ዘንግ፣ 23.5 ዲግሪ ያህል ማዘንበሉን ጨምረው። አዳራሹ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። ጠያቂው ሲቀመጥ የድልድዩ ጥፋተኛ ፀሐይ መሆኗ ተረጋግጦ ነበር። እርሷን ደግሞ ማን ሂሳብ ያስወራርዳታል?

እንዴት ያለ የተባረከ ሰበብ ነው! አይከራከርም፣ ይግባኝ አይልም፣ ከሥልጣን አይሻርም።

ይህን ጸጋ ያባከኑ አገሮች ያሳዝኑኛል። ሲንጋፖር ከምድር ወገብ 1 ዲግሪ ገደማ ላይ ተቀምጣ፣ በሙቀቱ አሳብባ መተኛት ስትችል ወደብ ታስፋፋለች። ስዊዘርላንድ ባሕር የላትም፤ የተረፋት ተራራ ነው። ሁለት ግሩም ሰበቦች ታቅፋ እ.ኤ.አ. በ2016 በጎታርድ ተራራ ሥር የ57 ኪሎ ሜትር የባቡር ዋሻ መረቀች። የኔዘርላንድስስ? ከመሬቷ ሩብ ያህሉ ከባሕር ጠለል በታች ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ባሕሩ ገንፍሎ ከ1,800 በላይ ሰዎች ሲሞቱባት «አቀማመጣችን ነው» ብላ መጽናናት ሲገባት ግድብ መገንባት ጀመረች።

አቀማመጥ ዋጋ እንደሚያስከፍል አልክድም። ወደብ አልባ አገር ዕቃውን በጎረቤት ምድር ሲያሻግር ኪሱ ይራቆታል። ነገር ግን ወንዙ ሲሞላ የሚተኛበት ሜዳ እየታወቀ፣ እዚያው ላይ ለድሃ የቤት መሥሪያ የሚመሩ፣ የውኃ መውረጃው በቆሻሻ ሲደፈን አይተው የሚያልፉ፣ አስከሬን ሲነሣ ደግሞ «የተፈጥሮ አደጋ» የሚሉ ሰዎች ደሜን ያፈሉታል። ዝናቡን ተፈጥሮ አወረደው፤ ቦታውን በፊርማው የሰጠው ግን ሰው ነው!

በሌላው ጫፍ ደግሞ «ብርድ ትጋትን ያስተምራል» የሚሉ ባለጸጎች አሉ። የምዕራብ አውሮፓን ክረምት የሚያለዝበው ከአትላንቲክ የሚመጣ ሙቀት መሆኑን፣ በዚያው ኬክሮስ ያለችው የካናዳዋ ላብራዶር በበረዶ መቀፍደዷን መስማት አይፈልጉም። በእነርሱ ስሌት ከሆነማ ፔንጉዊኖች እስካሁን ፋብሪካ አለመክፈታቸው ትልቅ ስንፍና ነው።